«ነገ ተመለሺ» ያሉሽን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው

ሰላም ናችሁ እናንተ? ያለፈው ወር ቴሌግራማችን በጥያቄ ተጥለቅልቆ ነበር፣ ግማሹ ስለ መሬት ነው እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው፣ ዛሬ የማነሳው ስለ ጡረታ፣ ስለ ጤና መድህን፣ ስለ ወሊድ ፈቃድና ስለ ሴፍቲኔት የጻፋችሁትን ነው። ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ፣ «ከለከሉኝ» ያለ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም «ነገ ተመለስ አሉኝ» ነው የሚለው። አባቴ ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፣ ደንበኞቹን «እምቢ ባለህ ሰው ላይ ይግባኝ ትላለህ፣ ነገ ና ባለህ ሰው ላይ ግን ምን ልትል ነው?» ይላቸው ነበር። እኔ ሕግ ተምሬ የመጣሁትም ዞሮ ዞሮ እዛው ነው። የማንንም ስም አላወጣሁም፣ የመሥሪያ ቤቶቹንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? እኔ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አስተናጋጅ ነኝ፣ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደመወዜ 4,000 ብር ነው፣ በየወሩ 280 ብር ጡረታ ተብሎ ይቆረጣል ስሊፑ ላይ አየዋለሁ። አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሒሳብ ክፍል ያለች ጓደኛዬ በሹክሹክታ «ጡረታችሁ ከገባ እኮ 14 ወር ሆኖታል» አለችኝ፣ ኤች አሯን (የሰው ኃይል ኃላፊዋን) ብጠይቃት «ገበያ ስለሌለ ነው ይከፈላል፣ ነገ እናያለን» አለች። የወሊድ ፈቃድ ስላት ደግሞ «አንቺ አሁን እረፊ፣ ወልደሽ ስትጠነክሪ ትመጪና እንቀጥርሻለን» አለችኝ በፍቅር ነው ያለችው። የማታ ሺፍት እስከ 6 ሰዓት እየሠራሁ ነው፣ እግሬ አብጧል። መክሰስ አልፈልግም፣ ሥራዬን ነው የምፈልገው። (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን። ከእግርሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ዛሬ ማታ የሚቆም ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም ይላል፣ ኦቨርታይምም እንደዛው። አንቺ «እባካችሁ» ብለሽ የምትለምኚው አይደለም። ለክትትል ጤና ጣቢያ የምትሄጂበት ሰዓትም ማስረጃ እስካመጣሽ ድረስ ደመወዝ አይቆረጥበትም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሐኪም እርጉዝ መሆንሽን የሚገልጽ ወረቀት አምጪና ከማመልከቻ ጋር አያይዘሽ ስጪያቸው።

አሁን ወደዛች «እረፊ» ወደምትለው ቃል። እኔን ከሁሉም ያስፈራችኝ እሷ ናት። በኛ አገር እረፊ ማለት ደግነት ይመስላል አይደል፣ እዚህ ቦታ ግን ልቀቂ ማለት ነው። አንዴ በቃልሽ እሺ ብለሽ ከሄድሽ በኋላ «በራሷ ፈቃድ ነው የለቀቀች፣ ከሥራ ቀርታ ነው» ይባላል። የሚያስፈርሙሽ ወረቀት ካመጡማ ዋ! ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፣ አንብበሽም «በፈቃዴ» የምትል ቃል ካየሽ እንዳትፈርሚ። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፦ ከመውለድሽ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 የሥራ ቀን፣ ሁለቱም ከነደመወዙ። የሥራ ቀን መሆኑን ልብ በይ፣ የካሌንደር ቀን አይደለም። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሰው 120 የሥራ ቀን ማለት 20 ሳምንት ነው፣ በዓሉ ሳይቆጠር። ብዙ ሆቴል ግን አራት ወር ብሎ ይዘጋዋል፣ ሠራተኛዋም አመስግና ትመለሳለች። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽም በኋላ አራት ወር እስኪሞላ ድረስ አሠሪ በማሰናበት ውልሽን ማቋረጥ አይችልም፣ «ገበያ የለም» የሚለው ለዚህ መልስ አይሆንም። ገበያ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ ወደቡ ጋ ታስረው የቆሙትን ጀልባዎች በየቀኑ ነው የማያቸው፣ ግን የገበያው ዕዳ በሆድሽ ላይ አይጻፍም።

ጡረታውን ደግሞ በቁጥር እንየው። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ያንቺ ነው፣ ያው 280ዋ። አሠሪሽ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ 440 ብር። በወር 720፣ በ14 ወር 10,080 ብር ማለት ነው። 280ዋ ከመቆረጧ በፊት ያንቺ ደመወዝ የነበረች፣ ከተቆረጠች በኋላ ደግሞ የጡረታ ፈንዱ የሆነች ገንዘብ ናት። የሆቴሉ ሆና አታውቅም። ሰው የሚሳሳተው «እነሱ ካላስገቡ የኔ ነገር ጠፋ» ብሎ በማሰቡ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ 1268/2014፣ መዋጮውን ቆርጦ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው የሚለው፣ ያልገባውንም የማህበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ከነወለዱ የማስከፈል ሥልጣን አለው። መታወቂያሽንና የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ ባህርዳር ያለው ቅርንጫፋቸው ሂጂና እስከመቼ ድረስ እንደገባልሽ ጠይቂ፣ የ14ቱንም ወር ስሊፕ ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ጓደኛሽን ስሟን አታንሺ፣ አንቺ ለማወቅ የሷ ሹክሹክታ አያስፈልግሽም። የመለያ ቁጥር የሚባል ነገር ሰጥተውኝ አያውቁም ካልሽ ደግሞ ያ ራሱ አንድ መልስ ነው።

«መክሰስ አልፈልግም» ላልሽው፣ እሺ፣ አትክሰሺ። ማመልከቻ ግን ክስ አይደለም። ሁለት ኮፒ ጻፊ፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ ከማታ ሺፍት እንድነሳ» ብለሽ አጭር አድርገሽ፣ ቀን ጻፊበት፣ አንዱን ስጫቸውና ሌላው ላይ ገቢ የሚል ማህተም አስመቺ። ማህተም አንመታም ካሉ በቴሌግራም ወይም በኢሜል ላኪውና ስክሪንሾቱን ያዢ። ነገ ተመለሺ ካሉሽ «እሺ እሱኑ በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው፣ ፈገግ ብለሽ። ከዛ ካልሆነ የሥራና ስልጠና ቢሮው ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ክፍል አለ፣ ተቆጣጣሪ ይልካል፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዛው ያልቃል። ካሰናበቱሽ ግን አትዘናጊ! ወደ ሥራ መልሱኝ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር በይርጋ ይዘጋል፣ ጊዜው አልፏል ይባላል ማለት ነው። አንቺ ወልደሽ አርባ ቀን፣ ክርስትና፣ እናቴ ጋ ትንሽ ልረፍ ስትይ ሦስቱ ወር ላይመለስ ነው የሚሄደው። ሠራተኛ በሥራ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ጠበቃ ማቆም ካልቻልሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሆቴል የምትቀያይሩ ልጆች ሁላችሁም ስሙ፦ የጡረታ ዘመን ይደመራል። እዚህ ሁለት ዓመት፣ እዛ ሦስት፣ በኋላ መንግሥት ቤት አምስት፣ አንድ ላይ 10 ነው፣ 10 ዓመት ደግሞ በ60 ዓመት የዕድሜ ልክ አበል የሚያስገኘው ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ ስትለቁ የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን ሳትይዙ እንዳትወጡ፣ ተጣልታችሁም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ቡና ነው ያለው። የጤና መድህን ደብተር አለን በየዓመቱ እንከፍላለን። ባለፈው ሌሊት አባቴ ሽንት እምቢ አለው፣ ሲጮህ አደረ፣ ንጋት ላይ በጀልባ ባህርዳር ወስደነው በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ገባን። ደብተሩን ስናሳይ «ሪፈር የታለ? ሪፈር ከሌለ አይሠራም» አሉንና ሁሉንም ከኪሳችን ከፈልን፣ መድኃኒቱንም ውጭ ከፋርማሲ ግዙ ተባልን። ታዲያ ይሄ መድህን ለምንድነው የምንከፍለው? ዘንድሮ አልከፍልም ብያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ አባትህን እግዜር ይማርልህ። መናደድህ ገብቶኛል፣ ግን «አልከፍልም» የምትለዋን ለጊዜው አስቀምጣት፣ ካሳደስከው በኋላ ነው መጨቃጨቅ የሚቻለው፣ ደብተሩ ካለፈበት የምትሟገትበትም አይኖርህም።

እንግዲህ ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ላይ ነው የተሞከረው፣ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት፣ እና ይሄ አካባቢ ነገሩን ከማንም በፊት ነው የሚያውቀው። የቆመው በአንድ ሐሳብ ነው፦ ሁሉም ሰው ከጤና ጣቢያ ይጀምር፣ ጤና ጣቢያው ካልቻለ ይላክ። ለዚህ ነው ሪፈር የሚጠይቁት። ጉንፋን ይዞት በቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄድ ሰው መድህኑ ሙሉውን አይሸፍንለትም፣ ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል። እሱ ልክ ነው እኔም እስማማለሁ፣ አለበለዚያ ሆስፒታሉ በጉንፋን ይሞላና ያንተ አባት ወረፋ ላይ ይውላል።

ያንተ አባት ግን ጉንፋን አልነበረም። ሽንት መዝጋት ድንገተኛ ነው፣ ፊኛ እስኪፈነዳ ሪፈር ፍለጋ አይኬድም። ድንገተኛ ታካሚ በቀጥታ መግባት ይችላል። ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ ልንገርህ፣ እናንተ የሄዳችሁት ካርድ ክፍል ነው፣ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ደግሞ የሚያየው ወረቀት እንጂ ሕመም አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ ያየው ሐኪም ካርዱ ላይ ድንገተኛ መሆኑን ጽፎ ከፈረመ በኋላ ነው ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው የጤና መድህን ተጠሪ ጋ የሚኬደው። አሁንም አልረፈደም፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የካርዱን ቁጥርና የሐኪሙን ማስረጃ ይዘህ መጀመሪያ እዛው ሆስፒታል ያለውን ተጠሪ ጠይቅ፣ ከዛ ደብተሩን የሰጣችሁ የመድህን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክት። በጽሑፍ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ልማልልህ አልችልም፣ ግን አፍህን ብቻ ይዘህ ከሄድክ እንደማይመለስ እምላለሁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ «ውጭ ግዙ» ሲሏችሁ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ወይም ፊርማ አስደርጉ። ያለሱ ከፋርማሲ የገዛችሁት የግላችሁ ወጪ ነው የሚመስለው። እንዲያውም ከመግዛታችሁ በፊት ተጠሪውን ውል ያለው የትኛው ፋርማሲ ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ አንዳንዴ ሁለት መቶ ሜትር ዞር ብሎ በነፃ የሚሰጥ አለ፣ ሰው አያውቀውም በቃ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚሠራ ቀዶ ጥገና መድህኑ ውስጥ የሉም፣ እነሱን ይዘህ እንዳትከራከር።

ደብተሩ የቤተሰብ መሆኑንም አትርሳ፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከናንተው ጋር ናቸው፣ ከ18 በላይ ሆነው እቤት ያሉት ግን ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። አንተ ራስህ ስንት ዓመትህ ነው? ደብተሩ ላይ ፎቶህ አለ? እየው እስቲ። በዛውም ጎረቤት መክፈል የማይችል አቅመ ደካማ ካለ መዋጮውን መንግሥት ነው የሚሸፍንለት፣ በቀበሌ ተለይቶ ስሙ መግባት አለበት እንጂ። ክትባት፣ ወሊድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም ደብተርም ሳይኖር በነፃ ነው፣ ለዛ ገንዘብ የጠየቀህ ካለ ደረሰኝ ቁረጥልኝ በለው፣ አይቆርጥልህም።

ጥያቄ፦ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። የምገለገልበት ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ሁሌ ሰው ተሸክሞ ነው የሚያወጣኝ። ይሄን ማን ይሰማል?

መልስ፦ የሕንፃ አዋጁ፣ 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ ሊገባበት የሚችል መሆን አለበት ብሎ ነበር፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው ቁጠሩት። እስከዛ ግን ማንም አይሸከምህ! አገልግሎቱ ወደ ታች ይውረድልህ። «ባለሙያው ምድር ቤት ወርዶ ያስተናግደኝ» ብለህ ለኃላፊው ጻፍ፣ ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ ወንበር ማውረድ ነው። እምቢ ካሉ እንባ ጠባቂም፣ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ባህርዳር ቢሮ አላቸው፣ ሁለቱም አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ከመሄድህ በፊት ግን ደውልና ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ብለህ ጠይቅ፣ እየቀለድኩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፣ 17 ዓመት አገልግሎ በድንገት አረፈብኝ። ሁለት ልጆች አሉን፣ 9 እና 13 ዓመት። የባለቤቴ ወንድም «የወንድሜ ገንዘብ ነው እኔም ወራሽ ነኝ» ብሎ ጡረታው ላይ ክርክር አንስቷል። የቁጠባና ብድር ማህበሩም ያልተከፈለ ብድር አለበት ከጡረታው እንወስዳለን እያለ ነው። እኔ ለቅሶዬን እንኳን አልጨረስኩም።

መልስ፦ እህቴ ነፍሱን ይማርልሽ፣ አንቺንም ያጽናሽ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል ልስጥሽ፦ ጡረታ ውርስ አይደለም። ሕጉ «ተተኪ» ነው የሚለው፣ «ወራሽ» አይልም፣ ልዩነቱ ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። ውርስ የሟች ንብረት ነው፣ ቤቱ፣ መሬቱ፣ ባንክ ያለው ብሩ። ጡረታ ግን በሟች ይተዳደሩ ለነበሩት ሰዎች በቀጥታ የሚሰጥ አበል ነው፣ እነሱም ሚስት ወይም ባል፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ እና በሱ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ወንድም እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ተዝካሩን ሊያግዝ ይችላል፣ ጡረታው ላይ ግን ቦታ የለውም። የባለቤትሽ እናት በሕይወት ካሉና እሱ ይጦራቸው ከነበረ ግን መብት አላቸው፣ እሳቸውን ከወንድሙ ጋር አንድ ላይ አትግፊያቸው።

ስንት እንደሚሆን ግምቱን ልሥራልሽ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዛ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ የባለቤትሽ ትርፍ 7 ዓመት ነው፣ 8.75። ድምሩ 38.75 በመቶ። ይሄ የሚባዛው ባለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ነው። አማካዩ 12,000 ብር ነበር እንበል፣ 4,650 ብር ይመጣል። ከሱ ላይ ላንቺ 50 በመቶ፣ 2,325፣ ለያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ 930፣ 930። በጠቅላላው 4,185 ብር በወር። ትልቁ ልጅ 18 ሲሞላው የሱ ይቆማል፣ ያኔ ድንገት ጎደለ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ብድሩን በተመለከተ፣ የጡረታ አበል በዕዳ አይያዝም፣ ፍርድ ቤት ካዘዘው ቀለብ፣ ከመንግሥት ግብርና ቅጣት በቀር። ማህበሩ ዋስ ካለ ወደ ዋሱ፣ የውርስ ንብረት ካለ ወደሱ ይሂድ። የሚያስፈርሙሽ «ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት ይዘው ቤትሽ ቢመጡ ቡና አጠጫቸውና ሸኛቸው፣ እስክሪብቶ ግን አታንሺ።

አሁኑኑ የምትሰበስቢው ከወሳኝ ኩነት የሞት፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ከትምህርት ቤቱ ደግሞ ባለቤትሽ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም አለ፣ እዛ ላይ የማን ስም እንዳለ እይው። ብዙ ሰው ሲቀጠር ያላገባ ብሎ ሞልቶ ከዛ ሳያስተካክለው ነው የሚያርፈው፣ ሚስቲቱም ሦስት ወር ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። በሕይወት ያላችሁ አስተማሪዎች ይሄን ስታነቡ ተነስታችሁ ፎርማችሁን እዩ እስቲ።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛዬ መስኮት ስትጠርግ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ሁለት ዓመት አብራን ኖራለች፣ እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት። ወጌሻ ጋ ወስጃታለሁ። አሁን ሥራ መሥራት ስለማትችል ወደ ቤተሰቦቿ ልሸኛት አስቤያለሁ፣ ሕጉ የሚያስገድደኝ ነገር አለ?

መልስ፦ እመቤቴ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፣ ብዙው ሰው አይጠይቅም። እውነቱን ልናገር፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፣ ለብቻው ደንብ ይወጣለታል ብሎ ነው ያለፈው። የሆቴሏ ልጅ ያላት 120 ቀን ለዚች ልጅ የላትም። ይሄ ሕጉ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፣ እኔ በበኩሌ የሚያሳፍር ቀዳዳ ነው የምለው።

ግን ቀዳዳው እርስዎ እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፣ እዛ ውስጥ ስለ ቤት ሠራተኛ የተጻፈ ነገር አለ፣ አብራ የምትኖር ከሆነ ጤንነቷን መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የወደቀችው ደግሞ በእርስዎ መስኮት ነው። እንደ ልጄ ነው የማያት ብለዋል አይደል? ልጅዎ እጇ ቢሰበር ወጌሻ ብቻ አይቷት በመኪና አሳፍረው አይልኳትም ነበር። ኤክስሬይ ይነሳላት፣ እስኪድን ይቀመጡ፣ ያልተከፈላት ደመወዝ ካለ በጇ ይስጧት፣ መሄድ ከፈለገች ያኔ ትሂድ። ልጅቷ ይሄን መጽሔት የማንበብ ዕድል ካላት ደግሞ፦ እህቴ፣ መደበኛው ፍርድ ቤት ላንቺም ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ (ጎረቤታቸው ነኝ፣ እሳቸው እየነገሩኝ ነው የምጽፈው።) ዕድሜዬ 74 ነው፣ ጉልበቴ ይዞኛል፣ ዓይኔም ደክሟል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሱቅ አለው፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት። ለፋሲካ ይደውላሉ። ሴፍቲኔት ተመዝገቢ ብለውኝ ቀበሌ ብሄድ «እርስዎ ልጆች አሉዎት፣ ለማንኛውም ነገ ይመለሱ» አሉኝ። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ልጆቼን ግን ክፉ እንድትላቸው አልፈልግም።

መልስ፦ እማማ ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎን ክፉ አልልም።

መጀመሪያ ሴፍቲኔቱን። በገጠር በ1997፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ነው የተጀመረው፣ በከተማው የመጀመሪያ ዙር ከክልላችን ከአማራ ደሴ ነበረች፣ ከዛ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። ሁለት ዓይነት ነው፣ ጉልበት ያለው ጽዳትና የመሳሰለውን የአካባቢ ሥራ ሠርቶ የሚከፈለው አለ፣ እንደርስዎ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት የማይችለው ደግሞ ሳይሠራ የሚደገፍበት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። እርስዎ የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው፣ ቀበሌ ሲሄዱ «ሴፍቲኔት» ብቻ አይበሉ፣ «ቀጥታ ድጋፍ» ይበሉ። የሚለየው ሰው በሠፈር ኮሚቴ ነው የሚመረጠው፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚያየው ልጅ መውለድዎን አይደለም፣ ልጆቹ በእርግጥ ይረዱዎታል ወይ የሚለውን ነው መሆን ያለበት። ለፋሲካ የሚደወል ስልክ ገቢ ተብሎ አይመዘገብም። ምዝገባ ላይ ከዘለሉዎት ቅሬታ ሰሚ አለ። አራት ጊዜ መመላለስዎን ማንም አልጻፈውም፣ ለቀበሌው እርስዎ አንድም ቀን አልመጡም ማለት ነው። አምስተኛው ላይ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከተፈቀደልዎት እስከ ባንክ መሄድ ካቃተዎት የሚቀበልልዎትን ሰው መወከል ይችላሉ፣ ይቺን የምትጽፍልዎትን ጎረቤትዎን ለምሳሌ።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው፣ ግን መብት ስለሆነ መንገር አለብኝ። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ 79/1995፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ እንደ አቅሙ። ሰው ቀለብ ሲባል አባት ለልጅ የሚቆርጠው ብቻ ይመስለዋል፣ ወደ ላይም ይሠራል። ፍርድ ቤት ሄደው ሱቅ ያለው ልጅዎ በወር ይሄን ያህል ይስጥ ማስባል ይችላሉ። እንደማይሄዱ አውቃለሁ። እናት ልጇን ከስሳ በወር ስንት ብር ብታገኝ የሠፈሩን አፍ የሚያስረሳ አይሆንላትም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ አዲስ አበባ ያለውን ልጅ የሚያከብረው አንድ ሰው ይፈልጉ፣ የንስሐ አባቱን፣ የክርስትና አባቱን፣ አጎቱን፣ እና እሱ በስልክ ያናግረው። ስለ ሕጉ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥቀስለት፣ ማስፈራሪያ ሳያደርገው፣ «እናትህ ሕግ አላት ግን አንተን መርጣለች» ይበለው። ዓረብ አገር ያለችዋን ግን ትንሽ ይታገሷት፣ የሷን ኑሮ እዚህ ሆነን አናውቀውም።

የቀበሌውን ማመልከቻ እኔው ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ኮፒ ነው፣ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚለውን ከላይ በትልቁ አድርጌዋለሁ። ጎረቤትዎ ሰኞ ዝግጅት ክፍላችን መጥታ ትውሰደው፣ የቀረው የጣት አሻራዎ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮፒ ላይ ማህተም ካስመታችሁ በኋላ ከጤና መድህን ደብተርዎ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ያኑሩት፣ ዝናብ እንዳያገኘው።